ስቴንለስ ሲበይድ ውሎ ማታ ሳል የጀመረው ባለቤትሽ

እህቴ፣ «ባለቤቴ የወተት ታንከር ውስጥ ገብቶ ስቴንለስ ሲበይድ ዋለ፤ ማታ ሳል ጀመረው። ኒኬል ሳንባ ውስጥ ውሃ ያመጣል ይባላል፤ እውነት ነው ወይስ ጉንፋን ነው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። በያጅ ነኝ፤ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ልክ ያንን ሥራ ሠርቼ ሰባት ቀን ኦክስጅን ላይ ተኝቻለሁ።

1ኛ፦ «አሁን ቀለል ብሎታል» ብለሽ እንዳትዘናጊ። እኔ ከታንከሩ ስወጣ ራሴን ከማመሙ በቀር ደህና ነበርኩ። አለቃችን እንደ ልማዱ አንድ ሊትር ወተት ገዛልኝ፤ «ያጥበዋል» አለኝ። ወተት ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይገባም! ጠጥቼ ተኛሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጋደም ማለት አቃተኝ፤ ቁጭ ብዬ እየተነፈስኩ አነጋሁት። ኒኬል ማጣሪያ ፋብሪካ ውስጥ በኒኬል ካርቦኒል ጋዝ የሚመረዙ ሰዎችም እንዲሁ ነው የሚሆኑት። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣና ይተዋቸዋል። ትንፋሽ የሚያጥራቸው ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ቆይቶ ነው።

2ኛ፦ ሐኪም ቤት ስትደርሱ ከስሙም በፊት ሥራውን ተናገሪ። እኔን ያስከፈለኝ ይሄ ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ሥራ?» አለችኝ፤ «የግል» አልኳት። ካርዴ ላይም «የግል» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምሠራ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁለት ቀን ሙሉ አክታ ስጥ፣ ቲቢ ነው፣ ኒሞኒያ ነው፣ አንቲባዮቲክ ዋጥ ሲሉኝ ከረሙ። በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ሐኪም ራጄን አየና እጄ ላይ ያለውን የፍንጣሪ ጠባሳ አየ። «በያጅ ነህ እንዴ?» አለኝ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ያ ጥያቄ ነው ያተረፈኝ።

ሐኪሙ ሳንባህ ውስጥ ውሃ ገብቷል አለኝ፤ ሳንባን በሸፈነው ስስ ሽፋን ውስጥ ቢሆን በመርፌ ይቀዳ ነበር። የእኔ ግን አየር የሚይዙት ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው የገባው። እኛ የምንበይደው ስቴንለስ 18 በመቶ ያህል ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለበት፤ ሁለቱም ጭሱ ውስጥ አሉ። አርኩ ራሱ (ስንበይድ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ደግሞ ኦዞንና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባሉ መርዛማ ጋዞች ይፈጥራል። ዝግ ታንከር ውስጥ የትኛው እንደጎዳኝ መለየት አይቻልም አለኝ። ኒኬል ብቻውን ግን ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ለ90 ደቂቃ ኒኬል በአርክ እያቀለጠ ሲረጭ የነበረ የ38 ዓመት ሰው ሳንባው ተጎድቶ በ13ኛው ቀን መሞቱ በሕክምና መጽሔት ተመዝግቧል።

3ኛው ስለ ወረቀት ነው። ሐኪሙ የሥራውን ዓይነት ማስረጃው ላይ እንዲጽፍ ለምኚው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣን በሽታ እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ነው የሚያየው። የእኔ አሠሪ «ሲጋራ ነው» ብሎ ሊያባርረኝ ነበር፤ በሕይወቴ ሲጋራ ነክቼ አላውቅም! ሦስት ወር ተመላልሼ የሕክምናዬን ወጪ አስከፍዬዋለሁ። ዛሬ የራሴ ወርክሾፕ አለኝ። ጭሱን ወደ ውጭ የሚስብ ማሽን ሳይነሳ አንድም ልጅ ታንከር ውስጥ አይገባም። የጨርቅ ማስክማ የወርክሾፔን በር አያልፍም።

አሁን ግን ይሄን ማንበብ ተይና ባለቤትሽን እዪው። ጋደም ሲል ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም አክታው አረፋ ካለው እስኪነጋ አትጠብቂ። ኦክስጅን ያለበት ሆስፒታል ውሰጂው። ስትደርሱ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ነቅቼ እጠብቃለሁ።