ከእናትሽ ጋር ለሶንግክራን ፓታያ? ሂዱ፣ ግን ጠዋት ጠዋት ውጡ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። እናትሽን ለጉልበቷ ሕክምና ባንኮክ ልትወስጃት ነው፤ በሁለቱ ቀጠሮዎች መሃል ያሉትን ቀናት ፓታያ ባሕር ዳር ብናሳልፍ ሶንግክራን፣ ሰው ውሃ የሚረጫጭበት የታይላንድ የአዲስ ዓመት በዓል፣ ያስቸግራት ይሆን ወይ ነው ያልሽው። እኔ አምና በ2017 ልክ በዚሁ ሰሞን አባቴን ለሕክምና ይዤ እዚያው ነበርኩ። ሂዱ ነው የምልሽ። ግን ቀንና ሰዓት እየመረጣችሁ።

ቀኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሶንግክራን በመላው ታይላንድ ከሚያዝያ 5 እስከ 7 ነው፣ በፈረንጆቹ ከኤፕሪል 13 እስከ 15። ፓታያ ግን በዚህ አያበቃም። ናክሉዋ የሚባለው ሰፈር ሚያዝያ 10፣ ዋናው ከተማ ደግሞ ሚያዝያ 11 «ዋን ላይ» የሚሉት ማሳረጊያ አላቸው። ትልቁ ግርግር ያኔ ነው። እኔ በ7 አልቋል ብዬ ሚያዝያ 11 ለአባቴ መድኃኒት ልገዛ ወጣሁ። ቀኑ ቅዳም ስዑር ስለነበር እሱ እያከፈለ ክፍሉ ውስጥ ነው። የባሕር ዳሩ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው፣ ፒክአፕ መኪኖች በርሜል ሙሉ ውሃ ጭነው ይቆማሉ፣ በርሜሉ ውስጥ ደግሞ ትልልቅ በረዶ ይከታሉ፤ በዚያ ሙቀት በረዶ ውሃ ጀርባሽ ላይ ሲያርፍ ትንፋሽ ያሳጣል። የአሥር ደቂቃ መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። አስፋልቱም ያንሸራትታል። ጉልበቷን የሚያማት ሰው እዚያ መሃል መግባት የለባትም። ያን ቀን ወይ ሆቴል ዋሉ፣ ወይ ቀድማችሁ ወደ ባንኮክ ተመለሱ።

ሌላው ጉዞው ነው። ፓታያ ከባንኮክ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውቶቡስ በሰላም ደረስንና ከመናኸሪያው ሶንግቴው ያዝን፣ ከኋላ ክፍት የሆነችው የከተማ ታክሲያቸው ናት። ሁለት መታጠፊያ ሳንሄድ ልጆች አንድ ባልዲ ውሃ ደፉብን። የአባቴ የሕክምና ወረቀት በሙሉ በጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ነበር። የመድኃኒት ማዘዣው ቀለም ፈሶ የማይነበብ ሆነ፤ ያን ሌሊት ወረቀቶቹን አልጋ ላይ ዘርግቼ ሳደርቅ አደርኩ። አደራሽን፣ ወረቀቱን ሁሉ ፎቶ አንሺው፣ ፓስፖርቱንም ጭምር በፕላስቲክ ጠቅልዪው፣ ከመናኸሪያ ደግሞ በዝግ መኪና ሂዱ።

አሁን ስለ ጠዋቱ ልንገርሽ። ሂዱ ያልኩሽም ለዚሁ ነው። ሚያዝያ 5 የኛ ሆሳዕና ነበር። አባቴ ከሆቴሉ ግቢ የወደቀ ዘንባባ አንስቶ ቀለበት ሠርቶ ጣቱ ላይ አጥልቋል። ጠዋት ደቡብ ፓታያ ዋት ቻይሞንግኮን ወደሚባለው ቤተ መቅደሳቸው አካባቢ ወጣ አልን። ሰዉ በትንንሽ ሳህን ሽቶ ያለው ውሃ ይዞ በቡድሃው ሐውልት ላይ ቀስ አድርጎ ያፈሳል። ማንም አይሮጥም፣ ማንም አይጮህም። ስንመለስ አንድ መንደር ውስጥ አንዲት አሮጊት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ተራ በተራ እየተንበረከኩ የጽጌረዳና የጃስሚን አበባ የተበተነበት ውሃ በእጃቸው ላይ ያፈሳሉ። አሮጊቷ በረጠበው እጃቸው የእያንዳንዱን ራስ እየዳበሱ አንድ ነገር ይላሉ። አባቴ ቆሞ አየና «ይሄማ ምርቃት ነው» አለኝ። ከልጆቹ አንዷ እሱንም ጠርታ አስቀመጠችው። እጁ ላይ ውሃ ስታፈስ የዘንባባ ቀለበቱን አይታ ፈገግ አለችና እንዳይረጥብ በጣቷ ከለል አደረገችው። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ቀን ፊቱ ሲፈታ አላየሁትም።

እናትሽንም እንዲህ ዓይነት ቦታ ውሰጃት። ፀሐይ ሳይጠና ውጡ፣ ከእኩለ ቀን በፊት ግቡ። መነኮሳትንና ሽማግሌዎችን በደንቡ አይረጩም፤ ሰክሮ በውሃ ሽጉጥ የሚተኩስ ቱሪስት ግን ደንብ አያውቅም፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ። ነጭ ጭቃ ጉንጯ ላይ ሊቀቡላት ቢመጡ አትደንግጪ፣ የደስታቸው መግለጫ ነው፤ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ። ሞተር ሳይክል በፍጹም አትከራዪ። በዚህ በዓል የመኪና መንገድ አደጋ በጣም ስለሚበዛ እነሱ ራሳቸው «ሰባቱ አደገኛ ቀናት» ይሉታል።

የምግቡን ነገር ዘንድሮ ተገላግላችኋል። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ ሶንግክራን በማግስቱ ነው የሚገባው። እኛ ሕማማት ላይ ስለነበርን የዓሣ መረቅ የሌለበት ምግብ ፍለጋ አሳራችንን በላን።

አንድ ነገር ቀረ። በበዓሉ ቀናት ብዙ የተመላላሽ ክፍሎች ይዘጋሉ። የሁለተኛው ቀጠሮ ቀን እንዳልተቀየረ ከመነሳታችሁ በፊት ደውለሽ አረጋግጪ። ለእማማ ምሕረቱን ያውርድላት፣ ስትመለሱ እንዴት እንደነበር እዚሁ ጻፊልን።