«ተከራይሽን አስወጪያት» ይሉኛል

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፤

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምተዳደረው ግቢዬ ውስጥ ያሉትን ሦስት ክፍሎች በማከራየት ነው። በአንደኛዋ አንዲት ወጣት ከአራት ዓመት ልጇ ጋር ትኖራለች። ማታ ማታ ልጁን ለእኔ ትታ ትወጣለች፤ ሲነጋ ትመለሳለች። ምን እንደምትሠራ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም፤ ግን አውቃለሁ። ኪራይ አሳልፋ አታውቅም፤ ወንድ ወደ ግቢዬ አምጥታም አታውቅም።

ትናንት ማክሰኞ ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። ብከፍት በባዶ እግሯ ቆማለች፤ አንድ ጫማ በእጇ ይዛለች። ጉትቻዋን መንጭቀውባት ነጠላዋ ደም በደም ሆኗል። መኪና ውስጥ ስትገባ ሰውየው ብቻውን ነበር፤ መንገድ ላይ ሌላ ተጨመረ። ያለ ኮንዶም አስገድደው ደፈሯት፤ ቦርሳዋንም ወስደው ጥለዋት ሄዱ። ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ ተረኛው «ታዲያ ሥራሽ አይደል?» ብሎ መለሳት። ከዚያ ወዲህ በሯን ዘግታ ተኝታለች።

ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳርሷል። የእድራችን ሴቶች «ግቢሽን የሴተኛ አዳሪ ቤት አደረግሽው፤ በሕግ ትጠየቂበታለሽ፤ አስወጪያት» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

አከራይዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እትዬ፣ ደብዳቤዎ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያደረግሁት ሰዓት መቁጠር ነው። ስልክዎን ጽፈውልኝ ስለነበር ይህ አምድ እስኪወጣ ሳልጠብቅ ደወልሁ። ያልሁዎትን ለሌሎችም ስል እደግመዋለሁ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ጥቃቱ ከደረሰባት ጊዜ አንስቶ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። እርግዝና የሚከላከለው እስከ አምስት ቀን ይሠራል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለእንዲህ ያለ ጥቃት ሕክምናውንና የሕጉን ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚያይ ማዕከል አለ። «ነጠላዋን ልዘፍዝፈው?» ብለው ጠየቁኝ። እንኳን ጠየቁ! ማስረጃ ስለሆነ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ላስቲክ ያሻግተዋል።

ወደ ተረኛው ልምጣ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲቀጣ የተጠቂዋን ሥራ አይጠይቅም። አድራጊዎቹ ተባብረው የፈጸሙት ከሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። አንዱን ወንድ በገንዘብ እሺ ያለች ሴት ለሁለተኛው እሺ አላለችም፤ ለመጀመሪያውም ቢሆን ያለ ኮንዶም አላለችም። ይህ ለአንድ ፖሊስ መነገር ያለበት መሆኑ ያናድደኛል። እንደገና ስትሄድ ብቻዋን አትሂድ፤ እርስዎ አብረዋት ይሂዱ። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዘውን መርማሪ ጠይቁ፤ ቃሏ ሳይመዘገብም አትውጡ። እምቢ ካሉ የጣቢያውን ኃላፊ አነጋግሩ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

እርስዎን ስላስፈራሩበት ነገር፦ ሕጉ ሴቲቱን ለሥራዋ አይቀጣትም። አንቀጽ 634 የሚቀጣው በሌላ ሰው ገላ የሚነግደውን፣ ደላላውንና ለዚሁ ተብሎ የተከፈተ ቤት ባለቤትን ነው። እርስዎ ያከራዩት እናትና ልጅ የሚያድሩበትን ክፍል ነው፤ የሥራ ቦታዋ ግቢዎ አይደለም። ሥራዋን አይተው ኪራዩን እጥፍ ያደረጉ ዕለት ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ እንዳያደርጉት።

ቢያስወጧትስ? ሥራውን አትተወውም፤ ልጁን የምትተውበት ሰው ነው የምታጣው። ማታ ስትወጣ የት እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ቢኖር፣ የምትገባበት መኪና ሰሌዳ ቁጥር ለጓደኛዋ ቢተላለፍ ያድናታል። ይህን እሷና ጓደኞቿ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ እርስዎ ስልክዎን ክፍት አድርገው ይደሩ። መድኃኒቱ ሊያቅለሸልሻት ስለሚችል በነዚህ ሳምንታት ባዶ ሆዷን አትዋል።

ለመሆኑ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ እሷ ያወሩት ሴቶች እድር አስገብተዋታል? የሚቀጥለው የመዋጮ ቀን ይዘዋት ይሂዱ። ስሟን አንጽፍም ካሉ ይጻፉልኝ።