የፈረሰ የተዋጊ ጄት ስኳድሮንን ታሪክ ለምትጽፉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ስለ ኢትዮጵያ አየር ኃይል የኤፍ-5 ተዋጊ ጄቶች የምትጽፉ እየበዛችሁ መምጣታችሁ ደስ ያሰኛል። ጽሑፎቻችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኦጋዴን ጦርነት የአየር ላይ ፍልሚያ ጀምረው እዚያው ያልቃሉ። የምመክራችሁ ታሪኩን ከመሬት እንድትጀምሩት ነው። በፍልሚያው ዕለት ጠዋት ስንት አውሮፕላን መነሣት ይችል ነበር? ማን ጠገነው? ማን አስታጠቀው? ስንት ነዳጅ ተሞላለት? ይህ ሳይታወቅ የአብራሪው ጀግንነት እንኳ በትክክል አይለካም።

መጀመሪያ አውሮፕላኑን ለዩ። አየር ኃይላችን የስዊድኑን ሳብ-17 በ1947 እ.ኤ.አ.፣ ኤፍ-86ን በ1960፣ ኤፍ-5ኤን በ1966 መረከብ ጀመረ። ኤፍ-5ኢ የመጣው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው። በፊደላችን ኤ እና ኢ በቀላሉ ስለሚምታቱ፣ ብዙ ጽሑፍ ላይ ሁለቱ ሞዴሎች እንደ አንድ ተቆጥረዋል። ልዩነታቸው ግን ትንሽ አይደለም። ኤፍ-5ኤ ራዳር የለውም፤ ኤፍ-5ኢ አለው፤ ሞተሮቹም የበለጠ ጉልበት አላቸው። ፎቶ ላይ ባለ አንድ መቀመጫውን ስታዩ ክንፉ ጫፍ ላይ የነዳጅ ታንክ ከተሰካ ኤፍ-5ኤ ነው፤ ኤፍ-5ኢ እዚያ ታንክ አይሸከምም። የክንፉ ጫፍ ባዶ ከሆነ ወይም ሚሳኤል ከተሰካበት ግን አትቸኩሉ፤ ኤፍ-5ኤ ራሱ እዚያው ሳይድዊንደር የተባለውን ሚሳኤል መሸከም ይችላል።

የጭራ ቁጥርን ብቻ አትመኑ። በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት ሲሻክር የመለዋወጫው በር ተዘጋ። መለዋወጫ ሲጠፋ ከአንዱ አውሮፕላን ነቅሎ ለሌላው መግጠም ግድ ይላል። የክንፍ ሽፋን፣ ጎማ፣ የሃይድሮሊክ ክፍል፣ ሞተርም ሳይቀር ይዛወራል። ስለዚህ በቀለም የተጻፈው ቁጥር አንድ ነገር፣ በአካሉ ላይ የተለጠፈው የፋብሪካ ሰሌዳ ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል። የጥገና መዝገብ ካገኛችሁ የአካሉንና የሁለቱን ሞተሮች ተከታታይ ቁጥር ለየብቻ ጻፉ። የማይበር አውሮፕላን ሁሉ ተመቶ የቀረ እንዳይመስላችሁ። አብራሪውን በአደጋ ጊዜ ወደ ውጭ የሚወረውረው መቀመጫ የሚተኮስበት ካርትሪጅ የአገልግሎት ጊዜ አለው፤ የሚሳኤል ሞተርም እንዲሁ። ጊዜው ሲያልፍና ምትክ ሳይገኝ ሲቀር ሙሉ ጤነኛ የሚመስል ጄት ሃንጋር ውስጥ ይቆማል። አንድን ስኳድሮን ቀስ በቀስ የሚያደክመው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፤ ተራኪዎች ግን ብዙም አያነሡትም።

ስለ ብዛት ስትጽፉ ሦስት ቁጥሮችን ለዩ፦ በመዝገብ የተመደበ፣ በግቢው ያለ፣ ለግዳጅ ዝግጁ የሆነ። ለምሳሌ ስምንት ተመድቦ፣ ሁለቱ የጊዜ ምርመራ ላይ ከሆኑ፣ አንዱም መለዋወጫ ከጠበቀ ለውጊያ ያለው አምስት ነው። ሶርቲንም እንዲሁ አትሳቱ። አንድ አውሮፕላን ተነሥቶ እስኪያርፍ አንድ ሶርቲ ነው፤ አራት ሆነው አንድ ጊዜ ቢወጡ አራት ሶርቲ ይባላል። ግዳጁን ከሶርቲው ጋር ያደባለቀ ጸሐፊ ቁጥሩን በአራት እጥፍ ያዛባል።

የቃል ትረካን በሒሳብ ፈትኑ። ከደብረ ዘይት እስከ ጅጅጋ በቀጥታ መስመር 425 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ450 ኖት፣ ማለትም በሰዓት በ833 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ከድሬዳዋ ግን 100 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ስለሆነ ስምንት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ‹‹ማስጠንቀቂያ በደረሰ በዐሥር ደቂቃ ጅጅጋ ላይ ደረሱ›› የሚል ትረካ ስታነቡ መነሻውን ጠይቁ። መድፉም እንዲሁ ይመዘናል። የኤፍ-5ኢ ሁለቱ ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች እያንዳንዳቸው 280 ጥይት ይይዛሉ፤ በደቂቃ 1,500 ስለሚተኩሱ ሁሉም በ11 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። በአንድ በረራ ደጋግሞ ለረጅም ጊዜ ተኮሰ የሚል ትረካ ከዚህ ጋር አይስማማም።

ከፍታንም አትርሱ። ሐረር ሜዳ፣ ማለትም የደብረ ዘይቱ የአየር ኃይል ጣቢያ፣ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ያህል ትገኛለች። እዚያ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲጨምር ይብሳል። ስለዚህ የተጫነው ቦምብና ነዳጅ በሰዓቱ ይወሰን ነበር፤ ጠዋት የሚነሣ ጭነት ቀትር ላይ ላይነሣ ይችላል።

ቀኑ ትልቁ ወጥመድ ነው። የኦጋዴን ጦርነት በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 1969 እስከ መጋቢት 1970 ነው፤ የውጭ ጸሐፊዎች ደግሞ ከ1977 እስከ 1978 ይላሉ። ለመለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ ማብቂያ 8 ትደምራላችሁ። ስለዚህ ሐምሌ 1969ም መስከረም 1970ም በፈረንጅ 1977 ነው፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ግን ማርች 5 ቀን 1978 ይሆናል። ሰዓቱም ሦስት ዓይነት ነው፦ የእኛ፣ የአካባቢው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ እና አብራሪዎች የሚጠቀሙበት ዙሉ፣ ማለትም ከአካባቢው ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቆጠረው ዓለም አቀፍ ሰዓት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በአካባቢው 10፡00፣ በዙሉ 07፡00 ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሆነ ክስተት በዙሉ ከአንድ ቀን በፊት 23፡00 ተብሎ ይመዘገባል። አንድ ውጊያ ሁለት ሆኖ የሚቆጠረው እንዲህ ነው። ያገኛችሁትን ሰዓት እንደተጻፈ ገልብጡ፤ የለወጣችሁትን አጠገቡ ለብቻ አስፍሩ።

የተመቱ የጠላት አውሮፕላኖችን በተመለከተ ሦስት ቃላት ያዙ፦ አብራሪው ያስመዘገበው፣ ክፍሉ ያጸደቀው፣ በሌላው ወገን ኪሣራ የተረጋገጠው። የኤፍ-5 አብራሪው ብርጋዴር ጄኔራል ለገሰ ተፈራ በሶማሊያ አየር ኃይል ሚጎች (ሶቪየት ሠራሽ ተዋጊ ጄቶች) ላይ የተቀዳጁት ድል በየጽሑፉ የተለያየ ቁጥር ይሰጠዋል። በሶማሊያ ዐሥር ዓመት ተሻግሮ በእስር የቆዩትን እኚህን አባት የምናከብራቸው ቁጥር በማብዛት አይደለም። በየቀኑ፣ በየቦታው፣ በየአውሮፕላኑ ዓይነት ለይታችሁ የሚጸናውን ብቻ ጻፉ። በውጭ መጻሕፍት ስማቸውን ስትፈልጉ በአባታቸው ስም ሊመደብ ስለሚችል በሁለቱም ሞክሩ።

የስኳድሮኑን ሰዎች ስትጠይቁ አብራሪዎቹን ብቻ አትፈልጉ። ክሩ ቺፉን (አውሮፕላኑን በመሬት ላይ የሚያዘጋጀውን ኃላፊ)፣ የመሣሪያ ጫኙን፣ የራዳር ተቆጣጣሪውን፣ የመጋዘን ኃላፊውን ጠይቁ። ለአንድ ፍልሚያ የራዳር ተቆጣጣሪው ድርሻ ከአብራሪው አያንስም፤ ሚጉን ብዙ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ‹‹ስንት መታችሁ?›› ብላችሁ አትጀምሩ፤ ‹‹ጋሼ፣ ያን ቀን ጠዋት አውሮፕላኑ ምን ታጠቀ? ማን አስነሣው? ሲመለስ ምን ጎደለው?›› በሏቸው። እጃቸው ያውቀዋልና ዝርዝሩ ይመጣላቸዋል። ማዕረጋቸውን በጊዜው እንደነበረ ጻፉ፤ ኋላ ያገኙትን ከኋላው አስከትሉ።

በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲፈርስ ብዙ ሰው ተበትኗል፤ በየቤቱ የቀረ ወረቀትና ፎቶ አለ። ፎቶ ሲሰጧችሁ ጀርባውን አብራችሁ ቅረጹ። ጀርባው ላይ በብዕር አትጻፉ፤ ለስላሳ እርሳስ ይበቃል። በሙጫ አልበም ላይ አታጣብቁ። በካርቦን የተገለበጡ ወረቀቶች ስለሚደበዝዙ ቶሎ ፎቶ አንሷቸውና ከፀሐይ አርቋቸው። የቃለ መጠይቁን የድምፅ ቅጂ በሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን። ለባለቤቱ ወረቀቱን ስትመልሱ የተቀዳውን ዝርዝር አብራችሁ ስጡ፤ የትኛው እንዲታተም፣ የትኛው እንዲቆይ እንደሚፈልጉም በጽሑፍ አስፈርሙ።