«በቀኑ መጨረሻ» ወይስ «ዞሮ ዞሮ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራዬ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ጣና ገዳማት ወስዶ ማስጎብኘት ነው። እንግሊዝኛዬ ክፉ አይደለም፤ ፈሊጡ ግን ያስቸግረኛል። በቀደም አንዲት እንግዳ ጀልባ ላይ «አንደር ዘ ዌዘር» ነኝ አለችኝ። ስለ አየሩ የምታወራ መስሎኝ «አይዞሽ፣ ዛሬ አይዘንብም» አልኳት። ለካ አሟት ኖሯል። ደግሞም ስብሰባ ላይና በሬዲዮ «በቀኑ መጨረሻ»፣ «ኳሱ በእናንተ ሜዳ ነው»፣ «ከሳጥን ውጭ ማሰብ» ሲባል እሰማለሁ። እነዚህ አማርኛ ናቸው? የእኛን «ሆደ ሰፊ»ስ ለእንግዳ እንዴት ብዬ ልተርጉመው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ወንድሜ። ከእንግዶችህ አነጋገር ልጀምር።

ፈሊጥ ሲገጥምህ ቃላቱን አንድ በአንድ አትፍታ። «ሰው ይህን የሚለው መቼ ነው?» ብለህ ጠይቅ። እንግዳዋ ፊቷ ገርጥቶ፣ ጀልባው እየናጣት ከተናገረች፣ ነገሩ ከሰማዩ ጋር እንደማይገናኝ ሁኔታዋ ይነግርሃል። በእኛ «አመም አድርጎኛል» ማለት ነው። ለጉንፋን፣ ለራስ ምታት፣ ለድካም ይባላል እንጂ ለከባድ ሕመም አይባልም።

ሌሎቹን የተለመዱትን በአጭሩ ልንገርህ። ሐምሌ ላይ «ካትስ ኤንድ ዶግስ» እየዘነበ ነው ካሉህ ዝናቡ ዶፍ ነው ማለታቸው ነው። «ፒስ ኦፍ ኬክ» ውሃ እንደ መጠጣት ቀላል የሆነ ነገር ነው። «ሌትስ ኮል ኢት ኤ ዴይ» ሲሉ ለዛሬ ይብቃን እያሉህ ነው። «ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን» በስንት ጊዜ አንዴ ማለት ነው። ዛሬ «ሰማያዊ ጨረቃ» የሚሏት በእነሱ አቆጣጠር በአንድ ወር ውስጥ 2ኛ ጊዜ ሙሉ የሆነችውን ጨረቃ ነው። ይህ በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ ገደማ ያጋጥማል፤ ቀለሟ ግን ያው የጨረቃ ነው።

«ብሬክ ኤ ሌግ»ን ለብቻው አስታውሰው። ቃል በቃል ሲወሰድ እግርህን ስበር ነው። በእኛ «እግርህን ይስበረው» ከባድ እርግማን ስለሆነ ሰምቶ የማይደነግጥ የለም። እነሱ ግን የሚሉት ምርቃት አድርገው ነው፤ መድረክ ላይ ለሚወጣ ሰው ይባላል። በቴአትር ሰዎች ልማድ «መልካም ዕድል» ብሎ በግልጽ መመኘት ገድ የለውም። ስለዚህ በተገላቢጦሽ ይናገሩታል። የእኛው «ይቅናህ» ነው።

ከእነዚህ ይልቅ አስጎብኚን የሚያሳስቱት ቀላል የሚመስሉት የዕለት ተዕለት ቃላት ናቸው። እንግዳው «አይ አም አፍሬድ» ብሎ ንግግር ከጀመረ አልፈራም። ደስ የማይል ነገር ሊነግርህ ስለሆነ አስቀድሞ ያለዝበዋል። «ይቅርታ፣ ነገ አልመጣም» ሊልህ ይችላል። «አይዞህ» ብትለው ግራ ይገባዋል። አንተም ጀልባው እንደሚዘገይ ስትነግራቸው ይህንኑ ተጠቀምበት፤ ጨዋ አነጋገር ነው። ዘጌ ላይ ቡና ሲቀዳለት ደግሞ «አይ አም ጉድ» ካለ ስለ ጤናው አይደለም፤ «በቃኝ» እያለ ነው። ለእናቶቻችን ይህ በጊዜው ሊነገራቸው ይገባል። እነሱ ከአቦል በኋላ ቶናውን፣ ከዚያም በረካውን ሊያስከትሉ ነውና እንግዳው ሲኒውን የመለሰው የንቀት እንዳይመስላቸው።

አሁን ወደ እኛው አማርኛ። ከእንግሊዝኛ የመጣ ፈሊጥ ሁሉ ይጣል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው፣ ተናጋሪው ያሰበው ነገር ይገባዋል ወይ? «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» ይህን ያልፋል። ወንጭፍ የያዘ እረኛ ሁሉ ይገባዋል። «ሚና መጫወት»ም ሥር ሰዷል፤ «ቀይ መስመር»ም እንደዚሁ። ብቻ ዜናው ሁሉ «ከፍተኛ ሚና ተጫውቷል» ሲሆን ጆሮ ይሰለቻል። «ብዙ ረድቷል» ማለት ምን ይጎድለዋል?

«በቀኑ መጨረሻ» ግን ይህን ፈተና አያልፍም። ችግሩ አለመሰማቱ ሳይሆን በሌላ ትርጉም መሰማቱ ነው። አንድ ኃላፊ «በቀኑ መጨረሻ ጉዳዩ ይፈታል» ቢል ባለጉዳዩ እስከ 11 ሰዓት በር ላይ ይጠብቃል። ኃላፊው ያሰበው ግን ዛሬን አይደለም። ለዚህ አማርኛ ድሮውንም ቃል አለው፤ እንዲያውም ከአንድ በላይ አለው፣ ልዩነታቸውም ጥርት ያለ ነው። ምንም ቢባል ውጤቱ ያው ነው ለማለት «ዞሮ ዞሮ» ይባላል። «ዞሮ ዞሮ ጀልባው የሚነሳው ሰው ሲሞላ ነው።» ተረቱም «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ይላል። ጊዜ ወስዶ ለመጣ ነገር ደግሞ «የኋላ ኋላ» አለ። «እንቦጩ መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ የኋላ ኋላ የሐይቁን ዳርቻ ሸፈነው።» ነገሩን ለመቋጨት ከሆነ «ሲጠቃለል» በቂ ነው። በሦስቱ ቦታ አንድ «በቀኑ መጨረሻ» ብቻ ሲገባ ይህ ሁሉ ልዩነት ይጠፋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

«ኳሱ በእናንተ ሜዳ ነው» የሚያሳስተው በሌላ መንገድ ነው። አነጋገሩ የመጣው ከቴኒስ ነው። ኳሷ መረቡን ተሻግራ አንተ ዘንድ ካረፈች፣ 2ኛ ሳትነጥር መመለስ ያለብህ አንተ ነህ። ተራው ያንተ ነው ማለት ነው። የእኛ ሰው ግን ኳስ ሲባል የሚታየው እግር ኳስ ነው። በእግር ኳስ ደግሞ ኳሱ በሜዳህ ውስጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ እየተጠቃህ ነው። ተናጋሪው «እናንተ ወስኑ» ሲል ሰሚው «ተከበናል» ብሎ ሊረዳው ይችላል። «ተራው የእናንተ ነው» ወይም «ውሳኔው የእናንተ ነው» ቢባል ይሻላል። «ከዚህ ወዲያ እናንተ ታውቃላችሁ» ሲባል ግን የማስጠንቀቂያ ቃና አለውና ቦታውን እያዩ ነው።

«ከሳጥን ውጭ ማሰብ» ለኔ አማርኛ አልሆነም። ሳጥን እኛ ዘንድ የልብስ ወይም የሬሳ ነው። «ከተለመደው ወጣ ብሎ ማሰብ» በል።

«ሆደ ሰፊ»ን መጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ስሜትን የሚያኖሩበት የሰውነት ክፍል ይለያያልና። እኛ ኀዘንንና ምስጢርን ሆድ ውስጥ እናስቀምጣለን። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ባር ባር ይላል፣ የማይነገር ነገር ሲሆን «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ሰው ሲቀያየም «ሆድና ጀርባ» ይሆናል። እንግሊዝኛ ኀዘንን ልብ ላይ ያደርገዋል፤ የሚሰበረው ልብ ነው። በአንጻሩ እኛ «ልቤ ነገረኝ» የምንለውን እነሱ የአንጀት ስሜት ይሉታል። እንዲህ እየተቀያየረ ስለሚሄድ የአካል ስም ያለበትን ፈሊጥ በቀጥታ አትተርጉም። «ልብ አድርግ»ን ቃል በቃል ወስደህ «ቴክ ሃርት» ብትል «በርታ» ያልካቸው ይመስላቸዋል።

«ሆደ ሰፊ»ንም ቃል በቃል ካልከው ቦርጫም ነው ያልከው ይመስላቸዋል። «ቢግ ሃርትድ»ም አይሆንም፤ እሱ ለጋስ ወይም ደግ ሰው ነው። ጀልባ ነጂውን ለእንግዳ ስታስተዋውቅ ከሆነ «ፔሸንት» በቂ ነው። ሰው ስለሚያስታርቅ ሽማግሌ የምታወራ ከሆነ ግን አንድ ቃል አይበቃህም። ብዙ እንደሚችል፣ ቢሰደብ እንደማይመልስ፣ ቂም እንደማይዝ ዘርዝረህ ንገራቸው።