መልስ፦ ነጋዴም፣ ገበሬም፣ ፖለቲከኛም የነበረው ሮድስ

ወንድሜ፣ በኒውዚላንድ ቀደምት ሰፋሪዎች መካከል ንግድን፣ እርሻንና የክፍለ ሀገር ፖለቲካን አንድ ላይ የያዘ ሰው ማን እንደነበር ጠይቀሃል። ለእኔ ቶሎ የሚመጣልኝ ዊልያም ባርናርድ ሮድስ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሮድስ እንግሊዛዊ የመርከብ ካፒቴን ነበር። በ1836 ዓሣ ነባሪ እያደነ በእነዚያ ዳርቻዎች ሲዞር አገሩን በደንብ አየው። በ1839 ከሲድኒ ነጋዴዎች ጋር ሸሪክ ሆኖ ተመለሰና የአገሩ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከማኦሪዎች መሬት ይገዛ ጀመር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት ባለችው አካሮዋ ከብት አወረደ። እስቲ አስበው፣ አጥር የለ፣ ገበያ የለ፣ ከመርከብ የወረደ መንጋ ብቻ! በደቡቡ ደሴት የከብት እርባታ የተጀመረው እንዲህ ነው።

የመሬቱ ነገር ግን ያሳዝነኛል። የጠየቀው ስፋት ከልክ ያለፈ ነበር፤ የእንግሊዝ አስተዳደር ሲመጣም አብዛኛውን አላጸደቀለትም።

ከዚያ ዌሊንግተን ገብቶ ሱቅ ከፈተ፣ የራሱን የመርከብ ማራገፊያም ሠራ። በከተማዋ ከታወቁት ባለጸጎች አንዱ ሆነ። በዌሊንግተን ክፍለ ሀገር ምክር ቤት አባል ነበር፤ በ1853 ለአገሪቱ የመጀመሪያ ፓርላማ ተመረጠ፤ ከ1871 ጀምሮ በላይኛው ምክር ቤት ተቀምጧል።

በ1878 ሲሞት ከማኦሪ እናት የወለዳት አንዲት ልጁ ሜሪ አን ቀረች። የኑዛዜው ክርክርም ፍርድ ቤት ደረሰ። ታሪኩን ስታነብ እሷን እንዳትዘላት አደራ።