ፈጠራዬን ቲክቶክ ላይ ካሳየሁ በኋላ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ማውጣት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። መሃሉ ሳያር ጠርዙም እኩል የሚያበስል የኤሌክትሪክ ምጣድ ሠርቻለሁ። ከስምንት ወር በፊት አሠራሩን ቲክቶክ ላይ አሳይቻለሁ። ረፍዶብኛል? የኢሚግሬሽን ጠበቃዬ “እኔ ፓተንቱን አወጣልሃለሁ” ብሎኛል።

መልስ፦ እጅዎ ይባረክ! አልረፈደም፤ ግን አይዘናጉ። በአሜሪካ ሕግ ፈጣሪው ሥራውን ራሱ ይፋ ካደረገበት ቀን ጀምሮ ለማመልከት አንድ ዓመት አለው። አራት ወር ቀርቶዎታል ማለት ነው። ከቪዲዮው በፊት ለሽያጭ አቅርበውት ከነበረ ግን ዓመቱ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው። አውሮፓን እርሱት፤ እዚያ እንዲህ ያለ የእፎይታ ጊዜ የለም።

ወደ ጠበቃዎ ስንመጣ፣ የጥብቅና ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ለሌላ ሰው የፈጠራ ፓተንት ማመልከቻ ለማቅረብ በአሜሪካ ፓተንት ቢሮ መመዝገብ ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ የሳይንስ ወይም የምህንድስና ዕውቀት ማስመስከርና የቢሮውን ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ስሙ መዝገቡ ላይ መኖሩን ቢሮው ድረ ገጽ ላይ ገብተው ያረጋግጡ። ከሌለ ቀብድ እንዳይከፍሉ።

እኔ ወደ ሕግ የመጣሁት ከመካኒካል ምህንድስና ነው። ሽቦው ለምን እዚያ ቦታ እንደተጠመጠመ ሳይገባኝ አንድ መስመር አልጽፍም። “በክብ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች ያሉት ምጣድ” ብለን መብት ብንጠይቅ፣ ተፎካካሪዎ ሽቦውን ዚግዛግ ያደርገውና ያመልጣል። “የመሃልና የጠርዝ ሙቀቱ ለየብቻ የሚስተካከል ማብሰያ” ብንል ደግሞ የፓተንት ቢሮው መርማሪ ከድሮ ጀምሮ ያሉትን ባለ ሁለት ቀለበት ምድጃዎች አውጥቶ ውድቅ ያደርገዋል። አዲሱ ነገር ያለው መሃል ቤት ነው። ሸክላ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቀስ ብሎ ነው። እርስዎ ይህን ችግር በምን አለፉት? የሙቀት መለኪያውን የት አስቀመጡት? ሽቦው ከሸክላው ምን ያህል ይርቃል? ፓተንቱ የሚቆመው በእነዚህ መልሶች ላይ ነው።

ገንዘብ ካጠረዎት በጊዜያዊ ማመልከቻ መጀመር ይቻላል። ክፍያው አነስተኛ ነው፤ ያመለከቱበትን ቀን ለ12 ወር ይይዝልዎታል። ሆኖም የሚይዘው ውስጡ የተብራራውን ብቻ ነው። ሁለት ፎቶና አንድ አንቀጽ አስገብተው “ፓተንት ፔንዲንግ” (ማመልከቻዬ ገብቷል፣ ውሳኔ እየጠበቅሁ ነው) የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ለእኔ ይህ ራስን ማታለል ነው። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ አብዛኛው የቢሮው ክፍያ በ80 በመቶ ሊቀነስልዎት ስለሚችል ይጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ፓተንት አዲስ አበባ ላይ ምጣድዎን ሠርቶ እዚያው የሚሸጠውን ሰው አያስቆመውም። ወደ አሜሪካ ላስገባ ሲል ግን ሊያስቆሙት ይችላሉ።

ጠበቃ ጋ ሲሄዱ ንድፉን፣ ያልሠሩልዎትን ሙከራዎች ጭምር፣ ቪዲዮውን የለቀቁበትን ቀንና አብሮዎት የሠራ ሰው ካለ ስሙን ይዘው ይሂዱ። ቪዲዮውን አሁን ቢያጠፉት የሚለወጥ ነገር የለም።