በ162 ውስጥ ለሚሰማህ ድምፅ ብለህ መቀበያህን አትሽጥ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማንችስተር ሆነህ የፈረንሳዩን የአሉዊ ማሠራጫ በ162 ኪሎኸርዝ ማታ ስትከፍት ከውስጡ የሌላ ጣቢያ ንግግር ይሰማሃል፤ «መቀበያዬ በሌላ ጣቢያ ጉልበት ታፍኖ ይሆን? ማጣሪያ ልግዛ ወይስ አዲስ መቀበያ?» ብለሃል። ምንም አትግዛ። እኔ ሁለቱንም ገዝቻለሁ።

1. መጀመሪያ እኩለ ቀን ላይ አድምጥ። እኔ ይህን ባለማድረጌ ነው የተጎዳሁት። እ.ኤ.አ. በ2018 ክረምት ኮሎኝ እኖር ነበር፤ እንደ አንተ ለአማተሮች፣ ማለትም ሬዲዮን ለፍቅሩ ለሚሠሩ ሰዎች፣ በተመደበው የ137 ኪሎኸርዝ ባንድ ላይ ስለምሠራ የመቀበያዬን ፍሪኩዌንሲ የማስተካክለው በአሉዊ ነው፣ በአቶሚክ ሰዓት የሚመራ ስለሆነ። ከ2016 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ፕሮግራም አያስተላልፍም፤ የሰዓት ምልክቱ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም በጆሮ የሚለይ አይደለም። ዝም ማለት የነበረበት ሞገድ አንድ ማታ 3 ሰዓት ላይ በፈረንሳይኛ ዜና ያነብልኝ ጀመር። ድምፁ ከግድግዳ ማዶ የሚናገር ሰው ይመስላል፤ የወንዱ ወፍራም ድምፅና የከበሮው ምት ይመጣል፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ግን ተውጦ ይቀራል። ወደ 234 ኪሎኸርዝ ዞርኩ፤ ያው ሰው፣ ያው ቃል፣ በዚያው ቅጽበት። ሉክሰምበርግ፣ ባይድዋይለር ያለው ማሠራጫ ነበር፤ ከቤቴ 140 ኪሎሜትር ያህል ይርቅ ነበር፣ እስከ 2000 ኪሎዋት የሚችል ነበር፤ በ2023 መጀመሪያ ላይ ስርጭቱን አቁሟል።

መቀበያዬ በዚህ ጉልበት ታፍኗል ብዬ ደመደምኩ። 234ን የሚያግድ ማጣሪያ በ180 ዩሮ ገዛሁ፤ ምንም አልለወጠም። መሰኪያውን በራሴ ስለበየድኩት ሱቁ አልመልስም አለ። ቀጥዬ በ137 የመጀመሪያውን ሲግናል የሰማሁበትን፣ ዓመት ሙሉ አጠራቅሜ የገዛሁትን መቀበያ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩና ሌላ በ900 ዩሮ አመጣሁ። አዲሱን በከፈትኩበት ማታ ያው ሰውዬ ዜናውን ያነባል።

የሬዲዮ ሞገድ የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤት ነገር ባልነግርህ ደስ ባለኝ። የተቀዳውን ድምፅ ከደብዳቤ ጋር ላክሁላቸው። ከስድስት ሳምንት በኋላ አንድ ሠራተኛ ደወለ፤ ቅጂውን አልሰማውም። «የጣቢያው ፈቃድ የተሟላ ነው፤ ዕቃዎን ያስጠግኑ» አለኝና የአንቴናዬን ሕጋዊነት በሰነድ እንዳረጋግጥ ጠየቀኝ። ለመስሚያ አንቴና! የአማተር ፈቃድ ያለው ሰው እንደ አጥፊ ሲጠየቅ ምን እንደሚሰማው አንተም ታውቀዋለህ።

መልሱን ያገኘሁት ራሴ ፈልጌ ነው። በ1933 የኔዘርላንዱ ኢንጂነር በርናርድ ቴሌገን በአገሩ አይንድሆቨን ከተማ ሆኖ የስዊዘርላንዱን የቤሮሙንስተር ጣቢያ ሲያዳምጥ ከውስጡ የሉክሰምበርግን ጣቢያ ሰማ። በዓመቱ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ቤይሊና ማርቲን ምክንያቱን አብራሩት። ኃይለኛው ሞገድ ከምድር ከ80 እስከ 90 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ያሞቃቸዋል፤ ሙቀታቸው የንግግሩን ምት ተከትሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ሲሞቁ ከአየሩ ጋር ይበልጥ ይጋጫሉ፣ በዚያ በኩል የሚያልፈውም የሌላ ጣቢያ ሞገድ በዚያው ምት ይዳከማል ወይም ይበረታል። ለመሞቅና ለመቀዝቀዝ ጊዜ ስለሚፈልጉ ፈጣኑን ንዝረት መከተል አይችሉም፤ ቀጭኑ ድምፅ የሚዋጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ ንግግሩ በ162 ሞገድ ላይ የታተመው ሰማይ ላይ፣ የአንቴናህን ሽቦ ሳይነካ በፊት ነው። 234ን ያገደው ማጣሪያዬ 162ን ከነንግግሩ አሳለፈው።

እኩለ ቀን ያልኩህም ለዚህ ነው። በ140 ኪሎሜትር ርቀት የሉክሰምበርግ ሞገድ መሬት ለመሬት የሚመጣ ስለነበረ ቀንም ማታም እኩል ይበረታ ነበር፤ ጥፋቱ የመቀበያዬ ቢሆን ቀንም በሰማሁት ነበር። ቅዳሜ 6 ሰዓት ላይ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ፤ 162 ጸጥ ያለ ነበር። ያቺ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ብትመጣ ኖሮ የድሮው መቀበያዬ ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አንተ የምትሰማው ንግግር ምንጩ የእንግሊዙ የድሮይትዊች ማሠራጫ ሳይሆን አይቀርም፣ በ198 ኪሎኸርዝ 500 ኪሎዋት፤ ርቀቱም ከእኔ ጋር ተቀራራቢ ነው።

2. የ10 ዴሲቤል መቀነሻ፣ ማለትም ወደ መቀበያው የሚገባውን ሲግናል የሚያደክም ዕቃ፣ በአንቴናው መስመር ላይ አስገባ። ሞገዱና ንግግሩ አብረው ከቀነሱ ጥፋቱ የመቀበያህ አይደለም። ንግግሩ ቀድሞ ከጠፋ ግን መቀበያህ ታፍኗል፣ ያኔ ማጣሪያ ይጠቅምሃል። የዛገ የጣራ አሸንዳም ተመሳሳይ ችግር ይፈጥራል፤ እሱም ከመቀነሻው ጋር አብሮ ይቀንሳል፣ ነገር ግን ቀንም ይሰማል። በመቀነሻው ብቻ አትፍረድ።

ለ137 አትስጋ። እኔን ወደ ሱቅ ያስሮጠኝ እሱ ስጋት ነበር። ሰማይ ላይ የሚታተመው ንግግር ከሞገዱ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ ቢበዛ 1 ዋት በሆነ ደካማ የአማተር ሲግናል ላይ ከጫጫታው በታች ይሰምጣል። የ162 ፍሪኩዌንሲም በዚህ አይዛባም፤ ማስተካከያህን ቀን ቀን ሥራ።

የእኩለ ቀንና የማታ 3 ሰዓት ቅጂ፣ አሥር አሥር ደቂቃ፣ ላክልኝ። እኔ እሰማዋለሁ።